ስንት ማንኪያ?

እናቴ ዘንድ የእንግዳ ክብር የሚለካው በስኳር ነው። ጠዳ ያለው ቤታችን የገባ ሰው፣ ከጎንደር ይምጣ ከማክሰኝት፣ ዘመድ ይሁን የዕቁብ ሰብሳቢ፣ ገና ወገቡን ሳያሳርፍ የሎሚ ውሃ ይቀርብለታል። እናቴ «ሎሚናት» ነው የምትለው። እንግዳው አንዴ ተጎንጭቶ ዝም ካለ ጉድ ፈላ። «ምነው? ስኳር አነሰው መሰል» ትልና፣ እሱ «ኧረ በቂ ነው» እያለ ሲምልና ሲገዘት፣ «አፈር ስሆን! በሞቴ!» ብላ አንድ ማንኪያ ታክልበታለች። ብርጭቆው ሥር ያልሟሟ ስኳር ተኝቶ ካልታየ እናቴ እንግዳ ተቀበልሁ አትልም።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይጠፋም። አንዱ ቤት ቡናው ነው፣ ሌላው ቤት ጉርሻው። ስሙ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ሰው መውደዳችንን የምንናገረው በመጨመር ነው።

የሎሚ ውሃውን ስትሠራ ከልጅነቴ ጀምሮ አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ። ሎሚ ስትመርጥ አረንጓዴውን ትተወዋለች። ልጣጩ የሳሳ፣ ቢጫ የሆነ፣ በእጅ ሲይዙት ከመጠኑ በላይ የሚከብድ ነው የምትወደው። ቤት ሲደርስ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ የሞቀ ሎሚ ውሃውን አይሰስትም። ከዚያ እያንዳንዱን መክተፊያ ላይ አድርጎ በመዳፍ እየተጫኑ ማንከባለል ነው። ይኼ የእኔ ሥራ ነበር። ሁለቱን ግን ሳይቆረጡ ለራሷ ታስቀራለች። ልጣጫቸውን ስኳሩ ላይ እያሸች መዓዛቸውን ስኳሩ እንዲጠጣው ታደርጋለች። የሎሚ ሽታ ያለው ልጣጩ ውስጥ ባለው ዘይት መሆኑን ማንም ሳያስተምራት ታውቀዋለች።

ስኳሩ መጀመሪያ በጥቂት ሙቅ ውሃ ይሟሟል። (ሥሩ የሚተኛው ኋላ በ«በሞቴ» የሚታከለው ነው።) ሎሚው ተቆርጦ በእጅ ይጨመቃል፤ ጣቶቿ ወንፊት ሆነው ፍሬውን ያስቀራሉ። ማጥበቅ የለም፤ ነጩ የልጣጩ ውስጥ መራራ ነው። በብረት ዕቃም አይቀመጥም፤ «ሎሚና ብረት አይዋደዱም» ትላለች። ውሃው የሚቀዳው በወይራ ከታጠነ እንስራ ነው። ሸክላው ውሃውን በደቃቅ ቀዳዳዎቹ እያላበው፣ ላቡም ሲተን ውስጡን እያቀዘቀዘው፣ ማቀዝቀዣ ሳያስፈልገው ጥርስ ያነዝራል።

መጠኑ 12 ሎሚ፣ ሁለት ሊትር ተኩል ውሃ፣ ጢም ያለ ሁለት ብርጭቆ ስኳር ነው። ለ12 ሰው ይበቃል። አንድ የማይሻር ሕግ ደግሞ አለ፤ የሎሚ ውሃ አያድርም። ካደረ ይመራል። ይህን የእናቴ ሐሳብ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ሎሚ ሲጨመቅ መጀመሪያ የማይመር አንድ ነገር ከኮምጣጣው ጭማቂ ጋር ይቀላቀልና፣ ከሰዓታት በኋላ ሊሞኒን ወደሚባል መራራ ነገር ይለወጣል። እንግዲህ የሎሚ ውሃ የሚሠራው ዛሬ ቤት ላለው ሰው ነው። ለሌለው አይቀመጥም።

ስኳሩ ለምን እንዲህ ከበረ? ሴት አያቴ እንግዳ የምትቀበለው በብርዝ ነበር፤ ማር በውሃ በጥብጣ፣ ሳይብላላ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ለእንደኛ ዓይነቱ ቤት ስኳር የዘወትር ዕቃ አልነበረም። የታመመ ሲጠየቅ፣ የወለደች ስትጎበኝ፣ ከቡና ጋር በወረቀት ተጠቅልሎ የሚያዝ ስጦታ ነበር። በደርግ ዘመን በቀበሌ ሱቅ፣ በኋላም በሸማቾች ማኅበር በኮታ ተሰልፈን አምጥተነዋል። እናቴ በወረፋ ያገኘችውን ኪሎ ስኳር ታስቀምጥና እኛ ቡናችንን በጨው እንጠጣለን። እንዲህ ያለውን ነገር ለመጣ ሰው ሁሉ በማንኪያ እየዛቁ መስጠት «ከራሴ አስበልጬሃለሁ» ማለት ነው። እናቴን የማይገባኝ እብሪት ይዟት እንዳይመስላችሁ። ሒሳቡ የገባት ሴት ናት።

በ2007 ዓ.ም. ታመመች። ውሃ ውሃ አላት። ሌሊት ደጋግማ ትነሣለች። ቀሚሷ ሰፋት። ጎንደር ሄዳ ስትመረመር «ስኳር ነው» አሏት። ቋንቋችን ለጣፋጩም ለበሽታውም ያለው ስም አንድ ነውና እናቴ ነገሩን እንደ ክህደት ነው የቆጠረችው። «ለሰው ሁሉ ስበትነው ኑሬ፣ ዞሮ እኔን ይያዘኝ?» አለችኝ በስልክ።

እኔ አዲስ አበባ የምኖር፣ ጋዜጣ የማነብ ልጅ ነኝና ወዲያው ሒሳብ ጀመርሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት መመሪያ አውጥቶ ነበር። ምግብና መጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ከዕለቱ የኃይል ፍጆታ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ እንዲያንስ ይመክራል። 5 በመቶው በቀን 25 ግራም ገደማ፣ በሻይ ማንኪያ 6 ያህል ማለት ነው። የእናቴ ሁለት ብርጭቆ ስኳር 400 ግራም ያህል ይመዝናል። ለ12 ሰው ሲካፈል 33 ግራም። የአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ስኳር ያህል ማለት ነው፤ ያውም «በሞቴ» ሳይታከልበት።

«እሽ፣ ማርስ?» አለችኝ።

«ማርም ያው ነው እማየ። መመሪያው ማርንም ይቆጥራል።»

«ማርንም!» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ጠዳ በሄድሁ ቁጥር ፖሊስ ሆንሁ። ሻዩን እቀምሳለሁ። ጓዳውን እፈትሻለሁ። ጎረቤት «ስኳር ስትልስ አየናት» ካለኝ እመረምራለሁ። በመጨረሻም የስኳሩን ጣሳ ቁም ሳጥን ውስጥ ከትቼ ቆለፍሁበት። ቁልፉን ኪሴ አደረግሁ። እንግዳ ሲመጣ እየከፈትሁ፣ እየቆጠርሁ እሰጣለሁ። እናቴ አንድ ቃል አልተናገረችም። ልጇ ሲያስብላት ምን ትላለች? እኔም የልጅነቴን ወጉን ያደረስሁ መስሎኝ ነበር።

የ2011 ዓ.ም. ጥምቀትን ከእሷ ጋር ላሳልፍ ሄድሁ። ጎንደርና ጥምቀት ሲነሣ መቼም ሎሚ አይቀርም። ወንዱ ልቡ የወደዳትን ልጅ ደረት በሎሚ ይመታ የነበረበት በዓል ነው። አባቴ እናቴን ያገባት እንዲያ ነው ይባላል። እሷ ግን «እኔን አልነበረም የፈለገው፤ ጓደኛየን ሲል ስቶ ነው» እያለች ዕድሜውን ሙሉ አስቃበታለች። ሎሚ እንግዲህ በቤታችን ታሪክ ከሎሚ ውሃም ይቀድማል።

የጥምቀት ዋዜማ ጋድ ነው፤ ይጾማል። የዚያ ዓመቱ ደግሞ ዓርብ ዋለ። እናቴ ጠዋት የስኳር መድኃኒቷን ዋጠች፤ እህል ግን አልቀመሰችም። እኔ መድኃኒቱን መዋጧን አይቼ ደስ አለኝ። በባዶ ሆድ መሆኑን አልጠየቅሁም። የእኔ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ስኳር በልታለች ወይስ አልበላችም?

ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ታቦት ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ለመሸኘት ከመውጣታችን በፊት፣ ማታ ለምንጠጣው ሎሚ እንጨምቅ ነበር። እንደ ልጅነቴ እኔ አንከባልላለሁ፣ እሷ ትጨምቃለች። እጇ ተንቀጠቀጠ። ሎሚው ከጣቷ አምልጦ እስከ በሩ ተንከባለለ። ቀና ብዬ ሳያት ግንባሯን ላብ አጥምቆታል፤ በጥር፣ ያውም በጥላ!

«ደከመሽ እንዴ እማየ?»

በአባቴ ስም ጠራችኝ። አባቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ቀጥላ ተቆጣችኝ፤ ስለ አንድ በሬ። በሬ የለንም። ጎረቤታችን ሮጣ መጥታ «ጠበል አምጡ» አለች። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ በልቤ «ተደብቃ ስኳር ልሳ ነው» አልሁ። እናቴ እየተንቀጠቀጠች እኔ እየፈረድሁባት ነበር።

ከግቢያችን ጀርባ ያሉትን ክፍሎች የሚከራዩት የጠዳ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። አንደኛዋ የነርስ ተማሪ ጫጫታውን ሰምታ በነጠላ ጫማ ብቅ አለች። የእናቴን ግንባር በእጇ ነካችና ወደ እኔ ዞረች።

«መድኃኒት ውጠዋል?»

«አዎ።»

«እህልስ?»

ዝም አልሁ።

«ስኳራቸው ወርዷል! ቶሎ በሉ፣ ስኳር አምጡ!»

ስኳር የለም። ሃምሳ ዓመት ስኳር ሲዛቅበት በኖረ ቤት ውስጥ አንድ ማንኪያ ስኳር የለም። ቁም ሳጥኑ ተቆልፏል። ቁልፉ ኪሴ ነው ብዬ እጄን ብሰድ ኪሴ ባዶ ነው። ለከተራ ልብስ ቀይሬአለሁ። የቀየርሁት ሱሪ የት ነው? ሻንጣውን ገለበጥሁት፤ አልጋውን ገለበጥሁት። ከጀርባዬ እናቴ ያንን በሬ ትጣራለች። ያቺ ደቂቃ ስንት ደቂቃ እንደሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም። ሱሪው በር ኋላ ተሰቅሎ አገኘሁት።

ተማሪዋ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጠበጠች። አጠገቧ ያለውን የሎሚ ጭማቂ ጠብ አደረገችበትና ቀስ እያለች አጠጣቻት። «ራሳቸውን ስተው ቢሆን ኖሮ ምንም አፋቸው ውስጥ አልጨምርም ነበር፤ ትን ይላቸዋል፣ ወደ ጤና ጣቢያ ነው መሮጥ» አለችኝ። ከዚያ ሰዓቷን እያየች ተቀመጠች። አሥራ አምስት ደቂቃ እንጠብቅ፣ ካልተሻላቸው እንደግመዋለን አለች።

መድገም አላስፈለገም። የእናቴ ላብ ደረቀ። ዓይኗ ወደ ቦታው ተመለሰ። ዙሪያዋን የተሰበሰበውን ሰው አየች፣ ብርጭቆውን አየች።

«ይኸን ሎሚናት ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ እማማ» አለች ተማሪዋ።

«ስኳሩ በዛ» አለች እናቴ።

እናቴ ስኳር በዛ ስትል በዕድሜዬ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ጎረቤታችን እየሳቀች አለቀሰች። እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ተማሪዋ እህል አስቀምሳት ካረፈች በኋላ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን አስረዳችኝ። አንዳንዱ የስኳር ክኒን፣ በመርፌ የሚወሰደው ኢንሱሊንም፣ ሰውየው በላም አልበላም የደሙን ስኳር ወደ ታች መግፋቱን አይተውም። ሆድ ባዶ ከሆነ ከሚገባው በታች ይወርዳል። ሲወርድ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ሰው ይዘባርቃል። ብዙ ቤተሰብ እንደ እኔ ስኳር የጨመረ ይመስለዋል፤ ወይም ዛር። «ጋሼ፣ ስኳር መደበቅ ብቻ እኮ አይደለም» አለችኝ አንገቷን ደፍታ። «መቼ በሉ፣ መድኃኒቱን መቼ ወሰዱ ብሎ መጠየቅ ነው።» የሃያ ዓመት ልጅ ናት። እኔ አራት ዓመት ሙሉ እናቴን ስኳር በላሽ ወይ ብዬ ስመረምር፣ ምሳ በላሽ ወይ ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር። የንስሓ አባቷም ሲሰሙ ገሠጿት፤ «ሕመምተኛ አይጾምም፤ ይኸን ያላልሁሽ ጠይቀሽኝ ስለማታውቂ ነው» አሏት። ለካ እሳቸውንም የጠየቀ አልነበረም።

ማግስቱ ጥምቀት ነው፤ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል። እናቴ ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሣ ያልተጠበቀ ትእዛዝ ሰጠችኝ። «ሎሚውን በውሃ ብቻ በጥብጠው። ስኳሩን በሳህን አድርገህ ማንኪያ ጣልበትና መሐል አስቀምጠው። ማንም የፈለገውን ይጨምር።»

ይህ በእኛ አገር ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ስኳር ከእንግዳ ፊት አስቀምጦ «ራስህ ለካ» ማለት ስስት ነው። እንግዶቹ ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ማሰሮው ዞረ። ሁሉም ስኳሩን ያያል፤ ማንም አይነካውም። በመጨረሻ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ቀልድ የሚወደው አጎቴ፣ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ እያየ «ምነው እትየ፣ ስኳሩን እየቆጠርን እንድንወስድ ነው? ቤቱ ደኸየ እንዴ?» አለ።

ቤቱ ጸጥ አለ። እናቴ ጥቂት ቆየችና፣ «እኔ ትናንት ልሞት ነበር» አለች። «የሚበቃኝን ያወቀ ሰው አልነበረም። አንተስ? ስንት ማንኪያ ይበቃሃል?»

አጎቴ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ስኳሩን አየ፤ ብርጭቆውን አየ። ከዚያ ምንም ሳይጨምር ተጎነጨ። ፊቱን አኮማተረ። ብርጭቆውን አስቀመጠና ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔም እኮ ሐኪም ከልክሎኛል እትየ» አለ። «ሦስተኛ ዓመቴ ነው።»

ሦስት ዓመት! በእነዚያ ሦስት ዓመታት ውስጥ ይህ ሰው ስንት ጊዜ ቤታችን መጥቷል? ስንቱን «በሞቴ» ጠጥቷል? እናቴም የጠየቀችው ይህንኑ ነው። «ሳከልብህ ዝም ትለኝ የነበረው?»

«ታዲያ እምቢ ልበልሽ?»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች። እሷ እያከበረችው፣ እሱም እያከበራት፣ በመካከል ሰው እየታመመ ነበር። ጨካኝ ቢኖር እንኳ ነገሩ ይቀላል። ጨካኝ የለም። ያለው ይሉኝታ ነው።

ያን ቀን ሌላም ነገር ወጣ። አንዲት አክስቴ የደም ግፊት እንዳለባት ተናገረች፤ ወጡ ላይ የሚበዛው ጨው ጉዳይ ተነሣ። የጎረቤታችን ባል መድኃኒቱን በጾም ቀን እንደሚዘለው አመነ። ከስኳሩ ሳህን ዙሪያ የተነገረው ሁሉ ለዓመታት እያንዳንዱ ብቻውን ተሸክሞት የኖረው ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ይህን ተረት ስለ ማኅበር፣ ስለ መዋጮ፣ ስለ መንገድ ሥራ ሲነገር ሰምቼዋለሁ። ስለ ሕመምም እንደሚሆን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ያዘንሁት ግን ሃምሳውን ሎሚ ለማካፈል አንድ ሰው ሊሞትብን ምን ያህል እንደተቃረበ ሳስበው ነው።

ከዚያ ዓመት በኋላ ዩኔስኮ የኢትዮጵያን ጥምቀት በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገባው፤ ለአገርም ለጎንደርም ደስታ ሆነ። እኔ ግን ወደ ጥምቀቱ መሄድ እንደ ልብ የማይሆንበት ጊዜ መጣብኝ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ክልሉን ጦርነት ሲይዘው የአዲስ አበባና የጎንደር መንገድ ለተሳፋሪ አስጊ ሆነ። በልጅነቴ አውቶቡስ እንዳያጥወለውለኝ እናቴ ያስጨበጠችኝን ሎሚ እያሸተትሁ ያለፍሁበት መንገድ ነው።

አሁን የሎሚ ውሃውን የምሠራው አዲስ አበባ፣ ለሚስቴና ለልጆቼ፣ እሑድ እሑድ ነው። ልጆቼ በመጀመሪያ አፊዙብኝ። ፍሪጅ ሙሉ ለስላሳ ባለበት ዘመን አባታቸው መክተፊያ ላይ ሎሚ ሲያንከባልል ማየት አስቂኝ ነው መቼም። ታናሽየዋ ግን ማንከባለሉን ወደደችው፤ ሥራው የእሷ ሆኗል። ወይራ የታጠነ እንስራ የለኝም፤ በሸክላ ማሰሮ እገላገላለሁ። ስኳሩ በሳህን መሐል ይቀመጣል። ታላቅየው አራት ማንኪያ ይጨምር ነበር፤ ሳልናገረው ሁለት ገብቷል። እኔ አንድ። የሚመጣ እንግዳ አንዳንዴ ግር ሲለው እጠይቀዋለሁ፤ «ስንት ማንኪያ?» አንዳንዱ ቁጥር ይነግረኛል። አንዳንዱ ደግሞ ቁጥሩን ትቶ የቤቱን ታሪክ ይነግረኛል።

ስንሠራ እናቴን ስልክ ላይ እናደርጋታለን። መጀመሪያ የምጠይቃት ምሳ መብላቷን ነው። እሷ ደግሞ ሎሚው ቢጫ መሆኑን፣ አለመጥበቁን፣ ስኳሩ በሙቅ ውሃ መሟሟቱን ትጠይቃለች።

«ስኳሩን እያንዳንዱ ራሱ ነው የሚጨምረው እኮ እማየ፤ አንቺው ነሽ ያመጣሽው» እላታለሁ።

«ውይ! ረስቸው» ትላለች። ልማድ ነዋ። ባለፈው እሑድ ልጄ ስልኩን ቀማችኝና «እማማ፣ ለአንቺም አንድ ብርጭቆ እናስቀምጥልሽ?» አለቻት።

«አይ ልጀ፣ ሎሚ አያድርም፤ ይመራል» አለች እናቴ። «አንች ጠጭልኝ።»

ልጄ የአያቷን ብርጭቆ ቀዳች። ማንኪያውን አንሥታ ስኳሩ ላይ እንዳደረገች ቆመችና ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«እማማ፣ ለአንቺ ስንት ማንኪያ ነው?»